ክሩ ሲበጠስ ራሱን የሚያቆም ማሽን፦ ስለ ቶዮታ ለወጣት ባለሙያዎች

የተወደዳችሁ ልጆቼ፣ በተለይም ሜካኒካል ምሕንድስና የምታጠኑና በየጋራዡ ሙያ በመልመድ ላይ ያላችሁ፤

በአገራችን መኪና ሊገዛ የተነሣ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ የሚጠይቀው መለዋወጫው እንደ ልብ ይገኝ እንደሆነና ነገ ሲሸጠው ዋጋውን ይዞ ይቆይለት እንደሆነ ነው፤ መልሱም አብዛኛውን ጊዜ ወደ ቶዮታ ይወስደዋል። ከአዲስ አበባ ጎዳናዎች የማይጠፉት አሮጌ ኮሮላዎች፣ ከማለዳ እስከ ምሽት ሰው ጭነው የሚመላለሱት ሃይኤስ ሚኒባሶች፣ ቪትዞቹ፣ አስፋልት ወደማያውቁት ወረዳዎች የሚወጡት ላንድ ክሩዘሮችና ሃይሉክሶች ይህን መልስ በየቀኑ ያጸኑታል። ይሁን እንጂ “ቶዮታ አይበላሽም” የሚለው አነጋገር ለገዢ ይበቃ ይሆናል እንጂ ለእናንተ አይበቃም። ባለሙያ ሰው አንድ ነገር ጠንካራ ነው ሲባል ጥንካሬው ከየት እንደመጣ መጠየቅ ይገባዋል። ዕድሜዬን በተሽከርካሪ ጥገና ላይ ያሳለፍኩ ሰው እንደመሆኔ የደረስኩበትን ላካፍላችሁ፤ የዚህን ኩባንያ መኪኖች ያጸናቸው፣ አንድ ሠራተኛ ያየውን ጉድለት ዝም ብሎ ወደሚቀጥለው ሠራተኛ እንዳያሳልፍ የሚያደርግ የአሠራር ልማድ ነው፤ ይህ ልማድም ከመኪናው በፊት የነበረ ነው።

የቶዮታ ሥረ መሠረት የሆነው ሳኪቺ ቶዮዳ እ.ኤ.አ. በ1867 ዛሬ ሺዙኦካ በሚባለው የጃፓን ግዛት፣ ኮሳይ አካባቢ ከአንድ አናጺ ቤት ተወለደ፤ ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመታትም ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው። እናቱና የመንደሩ ሴቶች በእጅ መሸመኛ ላይ ሲደክሙ እያየ በማደጉ፣ የአባቱን የእንጨት ሥራ ትቶ መሸመኛውን በማሻሻል ላይ ተጠመደ። በ1891 ለመጀመሪያው የእንጨት መሸመኛው የፈጠራ መብት አገኘ፤ በ1896 ደግሞ በሞተር ኃይል የሚሠራ መሸመኛ አወጣ። ከብዙ ዓመታት ልፋት በኋላ፣ በ1924፣ ከልጁ ከኪቺሮ ጋር ሆኖ ለፍጻሜ ያበቃው ማሽን መወርወሪያውን ሥራው ሳይቋረጥ በራሱ የሚቀይር፣ ድሩ ወይም ማጉ ሲበጠስም ወዲያውኑ ራሱን የሚያቆም ነበር።

ሸማኔ ሲሠራ ቁጭ ብሎ ያየ ሰው የዚህን ፈጠራ ክብደት ለመረዳት አይቸገርም። ሸማኔው ክሩ ሲበጠስ በዓይኑ ያየዋል፣ በጣቱ ይቀጥለዋል፣ ሥራውንም ይቀጥላል። ማሽን ግን ዓይን ስለሌለው ክሩ ተበጥሶም መሸመኑን አይተውም፤ የተበላሸ ጨርቅ ሜትር በሜትር ላይ ይደርባል፤ ይህ እንዳይሆን ከማሽኖቹ አጠገብ የማይለይ ጠባቂ ያስፈልጋል። ማሽኑ በራሱ መቆም ሲችል ግን አንድ ሠራተኛ ከ30 በላይ መሸመኛዎችን ለብቻው መቆጣጠር ቻለ፤ ምክንያቱም ሊሄድ የሚገባው ወደቆመው ማሽን ብቻ ነው። በ1929 የሽመና ማሽን በመሥራት ስሙ የገነነው የእንግሊዙ ፕላት ብራዘርስ ኩባንያ የዚህን መሸመኛ መብት በ100,000 ፓውንድ ለመግዛት ተዋዋለ። የኢንዱስትሪ አብዮት ከተወለደበት አገር የመጣ አምራች የአንድ ጃፓናዊ የገጠር አናጺ ልጅ የፈጠረውን ሊገዛ መምጣቱ፣ ዛሬም ሳስበው ልቤን ደስ የሚያሰኝ ነገር ነው።

ሳኪቺ በ1930 ሲሞት ኪቺሮ በቶኪዮ ኢምፔሪያል ዩኒቨርሲቲ ሜካኒካል ምሕንድስና ተምሮ በአባቱ ፋብሪካ ይሠራ ነበር። በ1933 በመሸመኛው ፋብሪካ ውስጥ የመኪና ክፍል ተቋቋመ፤ በዚያን ጊዜ የጃፓንን ገበያ የያዙት እዚያው አገር ውስጥ ይገጥሙ የነበሩት ፎርድና ጄኔራል ሞተርስ ነበሩ። የመጀመሪያው የጭነት መኪና በ1935 ወጣ፤ የመጀመሪያው ለሽያጭ የቀረበ አውቶሞቢል ኤኤ በ1936 ተከተለ፤ ቶዮታ ሞተር ራሱን ችሎ በነሐሴ 1937 ተመሠረተ። እዚህ ላይ ልብ እንድትሉልኝ የምፈልገው፣ ያ የመጀመሪያ የጭነት መኪና ደካማ መኪና መሆኑን ነው። በየመንገዱ ይቆም፣ ይሰበርም ነበር። ከጄኔራል ሞተርስ ጃፓን ለቆ ሽያጩን ሊመራ የመጣው ሾታሮ ካሚያ ከደንበኞች ፊት አልሸሸም፤ ባለሙያዎች መኪናው ወደቆመበት ቦታ እየሄዱ ይጠግኑ፣ የተሰበረውም ክፍል ለምን እንደተሰበረ እየተጠና ይሻሻል ነበር። ዛሬ “አይበላሽም” የምንለው ስም የተገነባው በዚያ ዘመን ከብልሽቱ ላይ ዓይናቸውን ባላነሡ ሰዎች ነው።

ከጦርነቱ በኋላ የመጣው ፈተና ከዚያ የከፋ ነበር። በ1949 እና በ1950 በጃፓን ኢኮኖሚ ላይ በወረደው የቁጠባ ፖሊሲ ምክንያት ሽያጭ ሲደርቅ ኩባንያው ለኪሳራ ተቃረበ፤ ከሠራተኛ ማኅበሩ ጋር ከባድ ግጭት ተነሣ፤ ከአንድ ሺህ የሚበልጡ ሠራተኞች ከሥራ ተሰናበቱ። ኪቺሮ ሠራተኞቹ ሲወጡ እርሱ በወንበሩ ላይ ሊቀመጥ ስላልወደደ በ1950 ከፕሬዚዳንትነት ለቀቀ። ብዙ ሳይቆይ የኮርያ ጦርነት ፈነዳ፤ የአሜሪካ ጦር ያዘዛቸው የጭነት መኪኖች ኩባንያውን ከሞት አተረፉት። ኪቺሮ ግን ወደ ሥራው ሊመለስ ሲዘጋጅ በ1952 በ57 ዓመቱ አረፈ።

ያ ድህነት ነው ታይቺ ኦኖ የተባለውን የወርክሾፕ ኃላፊ ያስተማረው። የአሜሪካ ፋብሪካዎች መለዋወጫና ዕቃ በገፍ አምርተው መጋዘን ይሞላሉ፤ ቶዮታ ግን ለዚያ የሚሆን ገንዘብም ቦታም አልነበረውም። ኦኖ መነሻ ያደረገው የአሜሪካን ሱፐርማርኬት አሠራር ነው፤ እዚያ መደርደሪያው የሚሞላው ገዢው በወሰደው ልክ ነው። በዚህ መንገድ እያንዳንዱ የሥራ ክፍል ከበፊቱ ክፍል የሚያስፈልገውን ዕቃ፣ በሚያስፈልገው ጊዜ፣ በሚያስፈልገው መጠን ብቻ እንዲወስድ፣ የወሰደውንም የሚገልጽ ካርድ ወደ ኋላ እንዲልክ አደረገ። ይህ አሠራር ገንዘብ ከመቆጠቡም በላይ ጉድለትን የሚያጋልጥ ሆነ፤ የተጠራቀመ ዕቃ በሌለበት አንድ የተበላሸ ኩሽኔታ ቢመጣ ከሥሩ ጎትቶ የሚተካ ሌላ ስለሌለ ሥራው ይቆማል፣ ሁሉም ያየዋል።

የሳኪቺ ሐሳብም በመኪናው መገጣጠሚያ መስመር ላይ ተመልሶ መጣ። ከሠራተኞቹ ራስ በላይ ገመድ ተዘረጋ፤ ማንኛውም ሠራተኛ፣ አዲስ ገቢም ቢሆን፣ ብሎን ሳይጠብቅ ወይም በር ሳይገጥም ሲያይ ገመዱን ይጎትታል፣ መብራት ይበራል፣ የቡድን መሪው እየሮጠ ይመጣል፤ ችግሩ በተወሰነው ጊዜ ካልተፈታ መስመሩ በሙሉ ይቆማል። ልጆቼ፣ ይህን ቀላል አድርጋችሁ አትመልከቱት። መስመሩ የቆመበት እያንዳንዱ ደቂቃ ገንዘብ ነው፤ ያንን ገንዘብ ለማጣት ፈቅዶ፣ ገመዱን የጎተተውን ሠራተኛ የማይቆጣ አለቃ ማግኘት ከገመዱ መዘርጋት እጅግ የከበደ ነው። በሠራሁባቸው ቦታዎች “ዛሬ ይውጣ፣ ሌላውን በሚቀጥለው ሰርቪስ እናየዋለን” የሚል ትእዛዝ ስንት ፍሬን ሳይጠበቅ እንዳስወጣ አውቃለሁ።

ኦኖ ሠራተኞቹን ያስለምድ የነበረው ሌላው ነገር “ለምን?” ብሎ አምስት ጊዜ መጠየቅ ነው። በእኛ ጋራዥ ቋንቋ ልንገራችሁ። አንድ ሃይኤስ የቴስታታው ጓርኒሲዮን፣ ማለትም በሞተሩ ራስና አካል መካከል የሚገባው ማሸጊያ፣ ተቃጥሎ ይመጣል። ለምን ተቃጠለ? ሞተሩ ከመጠን በላይ ስለሞቀ። ለምን ሞቀ? ራዲያተሩ ውሃ ስላልነበረው። ውሃው ለምን አለቀ? የራዲያተሩ ጎማ ተሰንጥቆ ስላንጠባጠበ። ጎማው ለምን ተሰነጠቀ? ዕድሜው ካለፈ በኋላ ስላልተቀየረ። ለምን አልተቀየረም? መቼ እንደተገጠመ የሚያውቅ ሰውም ሆነ የተጻፈ ነገር ስላልነበረ። በመጀመሪያው መልስ ላይ የሚቆም መካኒክ ጓርኒሲዮን ቀይሮ ገንዘቡን ይቀበላል፤ መኪናውም በዚያው ሕመም ይመለሳል። አምስተኛው መልስ ላይ የሚደርሰው ግን የሚጠግነው የጋራዡን አሠራር ነው።

መኪኖቹን ስትመለከቱም ይኸው ልማድ ይታያችኋል። በ1958 አሜሪካ ገበያ የገባው ክራውን በጃፓን መንገድ የተመሰገነ ቢሆንም በዚያ አገር ፈጣን ጎዳናዎች ላይ አቅም አጥቶ አሳፈራቸው፤ መላኩን አቁመው ወደ ሥዕል ጠረጴዛቸው ተመለሱ። በ1966 ኮሮላ ወጣ፤ የሥራው መሪ የነበረው ታትሱኦ ሃሴጋዋ በጦርነቱ ጊዜ የአውሮፕላን ንድፍ ሠሪ የነበረ ሰው ነው። መኪናው በምንም ረገድ ከ100 ነጥብ 80 የማያጣ፣ በአንዳንዱ ደግሞ ከዚያ ከፍ የሚል መሆን አለበት የሚል መርሕ ይዞ ሠራው፤ በሁሉም ነገር መጠነኛ፣ በምንም ነገር ደካማ ያልሆነ መኪና ቤተሰብ የሚፈልገው መሆኑን ተረድቶ ነበር። በ1997 ኮሮላ የቮልስዋገንን ጥንዚዛ አልፎ በዓለም በብዛት የተሸጠ የመኪና ስም ሆነ፤ እስከ 2021 የተሸጠው ቁጥርም 50 ሚሊዮን ደርሷል።

ላንድ ክሩዘርን ግን ከሁሉ አብልጬ እወደዋለሁ፤ ይህን መደበቅ አልችልም። በ1951 ገና በሙከራ ላይ ሳለ ኢቺሮ ታይራ የተባለ ሹፌር እየነዳው የፉጂ ተራራን እስከ ስድስተኛው ጣቢያ ወጣበት። በ1984 የወጣው የ70 ተከታታይ እስከ ዛሬ በመመረት ላይ ነው። በእኛ አገር በብዛት የምናውቀው የናፍጣ ሞተሩ ስድስት ሲሊንደር፣ 4.2 ሊትር፣ ተርቦ የሌለው፣ ነዳጁን በሜካኒካል ፖምፓ የሚረጭ ነው። ጉልበቱ ለመጠኑ ትንሽ ነው የሚሉ አሉ፤ እውነት ነው። ያ ሞተር ግን በተቻለው ጫፍ ላይ እንዲሠራ አልተነደፈም፤ መጥፎ ነዳጅ፣ አቧራና ልምድ የሌለው ሹፌር ሊያደርሱበት ለሚችሉት በደል ትርፍ አቅም ተትቶለታል። ከከተማ ርቆ የሚሠራ የጤና ባለሙያ የሚፈልገው ይህንኑ ነው፤ በሳተላይት ስልክ ኮምፒውተር ይዞ የሚመጣ ባለሙያ ሳይጠራ፣ እዚያው ባለ መፍቻ የሚጠገን መኪና።

ይህ ሁሉ ከጃፓናውያን ተፈጥሮ የመጣ ነው ለሚሏችሁ የካሊፎርኒያዋን ፍሪሞንት ንገሯቸው። ጄኔራል ሞተርስ እዚያ የነበረውን ፋብሪካ በ1982 ዘግቶት ነበር፤ በሥራ ማቆምና ከሥራ በመቅረት የታወቀ ፋብሪካ ነበር። በ1984 ከቶዮታ ጋር በሽርክና ሲከፈት ከተቀጠሩት አብዛኞቹ እነዚያው የቀድሞ ሠራተኞች ነበሩ። አሠራሩ ተለወጠ፣ ገመዱ ተዘረጋ፣ ሠራተኞቹም ወደ ጃፓን እየተላኩ ሠለጠኑ፤ ብዙም ሳይቆይ የሚያወጧቸው መኪኖች በጥራት ከጄኔራል ሞተርስ ምርጦች ተርታ ገቡ። በእኛም አገር ይህን ሥራን ያለማቋረጥ የማሻሻል ልማድ፣ ጃፓኖች ካይዘን የሚሉትን፣ ለማስፋፋት ከ2009 ጀምሮ በጃፓን መንግሥት የትብብር ድርጅት በጃይካ ድጋፍ በተመረጡ ፋብሪካዎች ሙከራ ተደርጎ፣ በ2011 የኢትዮጵያ ካይዘን ኢንስቲትዩት ተቋቁሟል። በግድግዳ ላይ ሰሌዳ መስቀሉና ወለል ላይ ቢጫ መስመር ማስመሩ ግን ብቻውን ምንም አያደርግም፤ አንድ ተራ ሠራተኛ “ይህ ተበላሽቷል” ሲል አለቃው ምን እንደሚመልስለት እዩ፤ ሥራው እንደገባ የምታውቁት በዚያ ነው።

ቶዮታ ራሱም ይህን በረሳ ጊዜ ተቀጥቷል። በ2008 ጄኔራል ሞተርስን በልጦ የዓለም ትልቁ መኪና አምራች ከሆነ በኋላ ሁለት ዓመት ሳይሞላ፣ በነዳጅ መስጫ ፔዳልና በወለል ምንጣፍ ችግር የተነሣ ሚሊዮኖች መኪኖችን ለጥገና መልሶ ለመጥራት ተገደደ። በጊዜው የኩባንያው ፕሬዚዳንት የነበሩት የኪቺሮ የልጅ ልጅ አኪዮ ቶዮዳ በየካቲት 2010 በአሜሪካ ኮንግረስ ፊት ቀርበው፣ ኩባንያው ያደገበት ፍጥነት ሰዎቹን ከሚያሠለጥንበት ፍጥነት እንደቀደመ አምነዋል። በ2023 መጨረሻ ደግሞ በቶዮታ ባለቤትነት ሥር ያለው ዳይሃትሱ በ64 ሞዴሎች ላይ የደኅንነት ፈተናዎችን አዛብቶ መገኘቱ ተገለጸ፤ የመረመረው ኮሚቴ ያገኘው ምክንያትም ሠራተኞች ላይ የተጫነ የማይቻል የጊዜ ገደብ ነበር። እነዚያ ባለሙያዎች ገመዱን መጎተት አላጡትም፤ ቢጎትቱት የሚሰማቸው እንደሌለ አውቀው ዝም አሉ። በታዋቂ ስም ሥር ስትሠሩ ስሙ ሥራውን ይሠራልኛል ብላችሁ እንዳትተኙ የምለምናችሁ ለዚህ ነው።

አሁን ወደ እናንተ ዘመን ልምጣ። በ1997 መጨረሻ በብዛት የተመረተውን የመጀመሪያ ሃይብሪድ (በቤንዚን ሞተርና በኤሌክትሪክ ሞተር የሚሄድ መኪና)፣ ፕሪየስን፣ ያወጣው ቶዮታ ነው፤ ሙሉ በሙሉ በባትሪ በሚሄዱ መኪኖች ግን ዘግይቶ ተነሥቷል ብዬ አምናለሁ። በአገራችን ደግሞ ከ2024 ጀምሮ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ስለተከለከለ፣ በእጃችሁ የሚገባው መኪና ካንዴላም የናፍጣ ፖምፓም የሌለው እየሆነ ነው። ለኮሮላና ለላንድ ክሩዘር እኛ ያከማቸነው የዐሥርተ ዓመታት ልምድ አለ፤ ለእነዚህ አዲሶች የሚከማቸው በእናንተ እጅ ነው። ስለዚህ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ለእያንዳንዱ መኪና ደብተር ያዙለት፤ ኪሎ ሜትሩን፣ ባትሪው ሙሉ ሆኖ ምን ያህል እንደሚሄድ፣ በአፋር ሙቀት ወይስ በደብረ ብርሃን ብርድ እንደሚሠራ፣ ምን እንደተበላሸና አምስት ጊዜ “ለምን?” ብላችሁ ምን እንዳገኛችሁ ጻፉበት። ሁለት መኪኖች አንድ ዓይነት ጉድለት ይዘው ከመጡ፣ ሦስተኛው በመንገድ ላይ እስኪቆም ሳትጠብቁ ለባለቤቱ ደውሉና አስመጥታችሁ ፈትሹት።