ሦስት ሰው ቆጥሮ ሦስት ቁጥር ሲያመጣ፦ የጭምባ ክሬኖችና የጥር ቆጠራ

ሰላም ለጠያቂዎቹ። ሌላውም አንባቢ እንዲከታተል ጥያቄያችሁን ባጭሩ ልድገመው። ሦስት ሆናችሁ ጣና ሐይቅ ዳር ወዳለው ረግረግ፣ ወደ ጭምባ ወርዳችሁ አመዳማ ክሬን (በበጋ ከሰሜን አገር የሚመጣ፣ ረጅም እግር ያለው ግራጫ ወፍ) ቆጠራችሁ። አንዳችሁ ረፋድ ላይ ቃርሚያ ውስጥ 410፣ ሌላችሁ ከታንኳ ላይ 600፣ ሦስተኛው ማታ ወደ ማደሪያቸው ሲገቡ 880 አገኛችሁ። «አማካዩን ወስደን 630 ብለን እንመዝግብ? ለጥር ቆጠራስ ምን እናስተካክል?» ብላችኋል።

አማካይ አትውሰዱ። አማካይ የሚሠራው ሦስት ሰው አንዱን መንጋ፣ በአንድ ሰዓት፣ ከአንድ ቦታ ሲቆጥር ነው። እናንተ የቆጠራችሁት ሦስት የተለያየ ነገር ስለሆነ 630 የሚባል ክሬን የትም አልነበረም። አንድ በአንድ እንያቸው።

410ዋ ሐቀኛ ቁጥር ናት፣ ግን «ቢያንስ» የሚል ቃል ይቀድማታል። ክሬን ጠዋት ከማደሪያው ከተነሣ በኋላ በቤተሰብና በትንንሽ መንጋ ተከፋፍሎ ጤፍ፣ በቆሎ፣ ሽምብራና ጓያ ወደታጨደበት ማሳ ይበተናል። አንገቱን ደፍቶ ሲለቅም ከትልሙና ከድንበሩ ሣር በላይ የሚታየው ጀርባው ብቻ ነው፤ ጎድጎድ ያለ ማሳ ውስጥ ያለው ጭራሽ አይታይም። ከ4 ሰዓት በኋላ ደግሞ መሬቱ ሲሞቅ አየሩ ይንቀጠቀጣል፤ በ300 ሜትር ላይ ያለ ወፍ በመነጽር ውስጥ ውኃ ላይ የቆመ ይመስላል። ሞቃቱን አየር ተጠቅመው እየዞሩ ከፍ ብለው ወደ ሌላ ማሳ የሚሻገሩትም በዚሁ ሰዓት ነው። ስለዚህ የማሳ ቆጠራ አንዱን ይሰውራል፣ ሌላውን ደግሞ ሁለቴ ያስቆጥራል።

600ዋን ብዙም አላምናትም። ታንኳ ላይ የተቀመጠ ሰው ዓይኑ ከውኃው አንድ ሜትር እንኳ አይርቅም። ከፊት የቆሙት የኋለኞቹን ይጋርዳሉ፣ ታንኳው ይወዛወዛል፣ ቴሌስኮፕ አይቆምም። ከሁሉ የከፋው ግን ወፎቹ ታንኳዋን አይተው መነሣታቸው ነው፤ የተነሣ መንጋ ዞሮ ሌላ ቦታ ሲያርፍ እንደ አዲስ ይቆጠራል። ታንኳ ደንገል ውስጥ ለሚደበቁ ወፎች ይጠቅማል፣ ለክሬን አይሆንም።

880ዋ ለእውነቱ ትቀርባለች። ክሬን ሌሊቱን የሚያድረው ጥልቀት በሌለው፣ እግሩን እስከ ቅልጥሙ በሚነክር ውኃ ውስጥ ቆሞ ነው። ቀን በየማሳው የተበተነው ሁሉ ማታ አንድ ቦታ ይሰበሰባል፤ ክሬን መቁጠር ማለት ማደሪያን መቁጠር ነው የሚባለው ለዚህ ነው። አንድ አደጋ ግን አለ። ከመግባታቸው በፊት በአቅራቢያው ባለ ደረቅ ሜዳ ወይም በዳርቻው ላይ ተሰብስበው ይቆያሉ፣ ከዚያ በቡድን በቡድን እየተነሡ ወደ ውኃው ይገባሉ። ሜዳው ላይ የነበሩትንም፣ በኋላ ሲበሩ የታዩትንም ደምራችሁ ከሆነ ቁጥሩ አብጧል። ማታ የነበረው ሰው ይህን ያስታውስ እንደሆን ጠይቁት። አንድ ጊዜ ብቻ ቆጥሮ ከሆነ 880ን መዝግቡ፤ ከጎኑ «ማታ፣ ማደሪያ ሲገቡ፣ አንድ ቆጣሪ» ብላችሁ ጻፉ። ሌሎቹን ሁለቱን በማስታወሻ ላይ ከነአቆጣጠራቸው አስቀምጧቸው እንጂ አትሰርዟቸው።

አሁን ወደ ጥር ወሩ ቆጠራ። በዓለም አቀፍ ደረጃ የሚደረገው የውኃ ወፎች ቆጠራ ከ1967 ዓ.ም. (እንደ ፈረንጆቹ) ጀምሮ በጃንዋሪ አጋማሽ፣ ይኸውም በኛ በጥር የመጀመሪያው ሳምንትና በዙሪያው ነው። በነገራችን ላይ በአማርኛ ስትጽፉ «የክረምት ወፎች» አትበሉ። ክረምቱ የእነሱ ነው፣ የወጡበት የሰሜኑ አገር። በኢስቶኒያና በፊንላንድ የሳተላይት መከታተያ የተደረገባቸው አመዳማ ክሬኖች ኢትዮጵያ ድረስ መምጣታቸው ተመዝግቧል፤ እዚህ ሲደርሱ ግን በጋ ነው። «የክረምት ቆጠራ» የሚል ርእስ ያነበበ የጎጃም ሰው በሐምሌ ዝናብ የተቆጠረ ይመስለዋል።

ቀኑን ስትመርጡ ጥር 10ን አስቡ። ከተራ ሲደርስ ጣና ዳርም ሆነ የየወንዙ ዳር በሰው ይሞላል፣ ጥምቀትም ይከተላል፤ ከዚያ በኋላ ዳርቻው ላይ የነበረው ወፍ የት እንደሄደ ለማወቅ ይከብዳል። ከጥር 4 እስከ 8 ባለው ጊዜ መጨረስ ይሻላል። ሁሉም ቡድን፣ ጭምባም፣ እንፍራንዝም፣ የግልገል አባይ መግቢያም፣ በአንድ ቀን ቢቆጥር ወፉ ከአንዱ ወደ ሌላው ተሻግሮ ሁለቴ የመቆጠሩ ነገር ይቀራል።

ማደሪያውን ማታም በማግስቱ ጠዋትም ቁጠሩት። ማታ ላይ ከጨለመ በኋላ የሚገቡ ስላሉ ቁጥሩ ያንሳል፤ ጠዋት ጭጋግ ካለ ደግሞ ከነጭራሹ አይታይም። ባሕር ዳር አካባቢ በጥር መጀመሪያ ፀሐይ የምትወጣው 1 ሰዓት ሊሆን ጥቂት ደቂቃ ሲቀረው ነው፣ የምትጠልቀውም ማታ 12 ሰዓት ተኩል ሊሆን ሲቃረብ። ስለዚህ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ቦታ ይዛችሁ ተቀመጡ፤ ማታ ደግሞ ከ11 ሰዓት ጀምራችሁ ድምፃቸው እስኪሰክን ድረስ አትነሡ። ከማደሪያው 300 ሜትር ያህል ራቁ። ባትሪ አታብሩ፣ ነጭ ነጠላ አትልበሱ። የተረበሸ ማደሪያ ለዚያች ሌሊት ብቻ አይደለም የሚበተነው፤ ነገም ሌላ ቦታ ልታገኙት ትችላላችሁ።

ሁለት ምልክት ምረጡ፤ ለምሳሌ በአንድ በኩል አንድ ዋርካ፣ በሌላው በኩል አንድ የቆርቆሮ ቤት። በሁለቱ መካከል በሐሳብ መስመር ዘርጉና መስመሯን ወደ ውስጥ የተሻገረውን ብቻ ቁጠሩ፤ ወደ ውጭ የተመለሰውን ቀንሱ። በየአሥር ደቂቃው ሰዓቱን፣ ቁጥሩንና የመጡበትን አቅጣጫ ጻፉ። አንዱ ይቁጠር፣ አንዱ ይጻፍ፣ ሦስተኛው ከኋላ የሚመጣውን ይጠብቅ። ቆጣሪው መነጽሩን ከዓይኑ አውርዶ ወረቀት ላይ የሚጽፍ ከሆነ አንድ ሙሉ መንጋ ያመልጠዋል። በአውራ ጣት የሚጫነው መቁጠሪያ ካለ በጣም ይረዳል፤ አንዱ ጫና አሥር ወፍ እንዲሆን አስቀድማችሁ ተስማሙ። ቁጥር ጮኽ ብላችሁ አትናገሩ፤ አንዱ «አምስት መቶ» ካለ የሌላው ዓይንም አምስት መቶ ያያል።

ትልቅ መንጋ ሲመጣ አንድ በአንድ መቁጠር አይቻልም። መጀመሪያ አሥር ወፍ በትክክል ቁጠሩ፤ ያ አሥር በሰማይ ላይ ምን ያህል ቦታ እንደሚይዝ ዓይናችሁ ይያዘው። ከዚያ ሃምሳ፣ ከዚያ ያንን ሃምሳ እንደ ስንዝር እያነሣችሁ መንጋው ላይ ለኩት። የሚሳሳተው ሰው አብዛኛውን ጊዜ አሳንሶ ነው የሚገምተው፤ መንጋው በበዛ ቁጥር ስሕተቱም ይሰፋል፤ ምክንያቱም የመንጋው ጠርዝ ሳሳ ያለ፣ መካከሉ ጥቅጥቅ ያለ ነው፣ ልኩ ግን የሚወሰደው ከጠርዙ ነው። ልክ የምትወስዱት መካከለኛ ጥግግት ካለው ቦታ ይሁን። ቤት ውስጥ ለመለማመድ ምንም ወጪ የለውም። አንድ ሰው ሽምብራ ሰፌድ ላይ ይበትን፣ ሌላው አሥር ሰከንድ ብቻ አይቶ ቁጥሩን ይናገር፣ ከዚያ ይቆጠር። ሃያ ጊዜ ከደገማችሁት እያንዳንዳችሁ ወደየት እንደምታዘነብሉ ታውቃላችሁ። ሁልጊዜ አሳንሶ የሚገምተው ሰው ማንነቱ ከታወቀ ግማሽ ችግር ተቃለለ።

የብርሃን ነገር ብዙ ጊዜ ይረሳል። ጭምባና ቁንዝላ የሐይቁ ምዕራብና ደቡብ ምዕራብ ዳር ናቸው። ጠዋት ፊታችሁን ወደ ሐይቁ ስታዞሩ ፀሐይዋ ፊት ለፊት ትመጣለች፣ ወፉ ሁሉ ጥቁር ጥላ ይሆናል። ክሬንን በቅርፁ መቁጠር ይቻላል፣ ዳክዬን ግን መለየት አይቻልም። ስለዚህ በምዕራቡ ዳር ዳክዬውን ከሰዓት በኋላ አድርጉት። በደቡቡ ዳር፣ በባሕር ዳር በኩል፣ ወደ ሰሜን ስለምታዩ በጥር ፀሐይዋ ቀኑን ሙሉ ከጀርባችሁ ናት፤ እዚያ ሰዓት መምረጥ አያስጨንቅም።

ስለ ስም። አገሬው ረጅም እግር ያለውን ወፍ ብዙውን ጊዜ በጅምላ ሽመላ ይለዋል፤ እረኛው «ሽመላ አየሁ» ሲል የቱን እንደሆነ በአበራረሩ ጠይቁት። ክሬንም ሽመላም ሲበሩ አንገታቸውን ይዘረጋሉ፣ ሳቢሳ አንገቱን አጥፎ ትከሻው ላይ ያሳርፋል። ነጩ ሽመላ ምንቃሩና እግሩ ቀይ ነው። አመዳማው ክሬን ግራጫ ሆኖ ጥቁር አንገቱ ላይ ከዓይኑ ጀምሮ የሚወርድ ነጭ ሰንበር አለው። ባለ ዘውዱ ጥቁር ክሬን አናቱ ላይ ወርቃማ ችፍርግ የመሰለ ላባ አለው፣ ሲበር ነጭ የክንፉ ክፍል ከሩቅ ያበራል። እሱ ከአውሮፓ የመጣ አይደለም፣ የአፍሪካ ነው፤ ለብቻው ይመዝገብ።

እዚህ ላይ የ410ዋ ባለቤት ቅር እንዳይለው። የማሳ ቆጠራ ማደሪያ የማይሰጠውን ነገር ይሰጣል፤ ጫጩት። ባለፈው በጋቸው የተፈለፈለው ልጅ ራሱና አንገቱ ቡናማ ነው፣ ነጭ ሰንበር የለውም፣ እናትና አባቱን ተከትሎ ይለቅማል። በማደሪያ ጨለማ ውስጥ ይህ አይታይም። ስለዚህ ከ1 ሰዓት ተኩል እስከ 3 ሰዓት ተኩል ማሳ ውስጥ ሁለት መቶ ያህል ወፍ በደንብ አይታችሁ ስንቱ አዋቂ፣ ስንቱ ልጅ እንደሆነ ለዩ። በቡድን ውስጥ ልጅ ያላቸው ቤተሰቦች ዳር ዳሩን ስለሚይዙ አንድ መንጋ ላይ ብቻ አትቁሙ። ወደ ማሳው ከመግባታችሁ በፊት ባለቤቱን አስፈቅዱ፤ ሽምብራውና ጓያው ገና ያልተነሣለት ገበሬ ክሬንን የሚያየው በሌላ ዓይን ነው፣ ወንጭፍ ይዞ የሚጠብቀው ልጅም ወፉን መቼና ወዴት እንዳባረረ ከናንተ በተሻለ ያውቃል።

ዳክዬ ላይ ባጭሩ፦ በጥር አብዛኞቹ ወንዶች ሙሉ ላባቸውን ስለለበሱ ከጥቅምት ይልቅ ይቀላል። ማንኪያ የመሰለ ሰፊ ምንቃርና አረንጓዴ ራስ፤ ሹል ረጅም ጭራና ነጭ አንገት፤ ከዓይን በላይ ነጭ ቅንድብ፤ እነዚህ ሦስቱ መጤዎች ናቸው። ምንቃሩ ቢጫ ሆኖ መካከሉ ጥቁር የሆነው ነዋሪው ዳክዬ ነው። ሴቶቹን ካልለያችሁ «ያልተለየ ዳክዬ፣ 140» ብላችሁ ጻፉ። በግምት ለወንዶቹ ማካፈል አያስፈልግም።

መርዓዊ አጠገብ ያለውን የቆጋ ግድብ አትዝለሉት፤ በበጋ በመስኖ የሚለማው መሬት ወፍ ይስባል። ዘንገና ግን ጥልቅና ገደላማ ዳር ያለው የእሳተ ገሞራ ሐይቅ ስለሆነ በውኃ ዳር የሚራመድ ወፍ ብዙም አትጠብቁበት፤ ሄዳችሁ ምንም ካላገኛችሁ ዜሮ ብላችሁ መዝግቡ። ያልተሄደበት ቦታ ባዶ ይተዋል፣ ተሂዶ ያልተገኘበት ዜሮ ይጻፋል፤ ሁለቱ ከተምታቱ ከዓመት ዓመት ማነጻጸር አይቻልም። ጮቄ ተራራ ላይ ሰማያዊ ክንፉን ዝይ የምትፈልጉ ውርጩ እስኪለቅ ጠብቁ፤ ከዚያ ጅረቱን ተከትላችሁ በእግር ሂዱ።

መጨረሻ ላይ ቅጹ። ብዙ ጥሩ ቆጠራ የሚበላሸው እዚህ ነው። ማታ 12 ሰዓት ተኩል የተቆጠረው «12:30» ተብሎ ወደ ውጭ የመረጃ ቋት ከገባ ክሬኖቹ በጠራራ ፀሐይ እኩለ ቀን ላይ ማደሪያ የገቡ ይሆናሉ። ትክክለኛው 18:30 ነው፤ ጠዋት 1 ሰዓት ደግሞ 07:00። ቀኑን በሁለቱም አቆጣጠር ጻፉ፤ ጥር 7 እና ጃንዋሪ 15 ጎን ለጎን ይቀመጡ፣ ዓመቱም እንዲሁ። የቆማችሁበትን ነጥብ በስልክ ጂፒኤስ ያዙ፣ ውኃው ከዚያ ነጥብ ስንት እርምጃ እንደራቀም ጨምሩበት። ጣና ዝናቡ ካበቃ ጀምሮ እስከ ሰኔ ድረስ እየጎደለ ስለሚሄድ፣ የሚለቀቀውም ውኃ አባይ ከሐይቁ በሚወጣበት ባለው በጨረጨራ ግድብ ስለሚወሰን፣ ዘንድሮ ውኃ የነበረው ቦታ በሚቀጥለው ዓመት ጭቃ ወይም ሽምብራ ሊሆን ይችላል፤ ያን ጊዜ ቁጥሩ ቢቀንስ ወፉ ቀንሶ ይሁን ወይም ማደሪያው ተዛውሮ የምትለየው ያቺ እርምጃ ናት።