መልስ፦ ደብ ላይ ዘፋኙ ለምን ይጠፋል?

ሰላም ወንድሜ። ደብ የሚባለውን የሬጌ ሙዚቃ ዓይነት የድሮ ሥራዎች ስትሰማ ዘፋኙ ድንገት ስለሚጠፋብህ ቅጂው ተበላሽቶ እንደሆነ ጠይቀሃል። አልተበላሸም፤ ሆን ተብሎ ነው። ጃማይካ ውስጥ በሸክላው ጀርባ ድምፃዊው የተቀነሰበት ቅጂ ይወጣ ነበር። ደብ የተወለደው ከዚያ ነው።

እኔ ብሆን በጃማይካዊው የሬጌ ፕሮዲውሰር በሊ ፔሪ እጀምራለሁ። በ1973 (እ.ኤ.አ.) ከድምፅ መሐንዲሱ ከኪንግ ተቢ ጋር «ብላክቦርድ ጀንግል ደብ» የተባለውን አልበም ሠራ። በዚያው ዓመት ኪንግስተን ውስጥ እጓሮው «ብላክ አርክ» የተባለውን ስቱዲዮ ገነባ። ጥቁሩ ታቦት እንደማለት ነው፤ ስሙን ስሰማ ሁሌም ደስ ይለኛል።

ዕቃው ብዙ አልነበረም። የቴፕ መቅረጫው አራት ትራክ ብቻ ነበር፤ ማለትም ድምፅ ለየብቻ የሚቀረጽበት አራት መስመር ብቻ ነበረው። አራቱ ሲሞሉ ወደ ሁለት ይጨምቃቸውና በተለቀቀው ቦታ ሌላ ድምፅ ይደርባል። በተደራረበ ቁጥር የቴፑ «ሽሽሽ» የሚል ድምፅ ይጨምራል፣ ድምፁም ይወፍራል። ያ ጭጋግ የለበሰ የሚመስል ነገር ከዚህ ነው የመጣው። ለእኔ ውበቱ እሱ ነው!

በስልክ ስፒከር ግን እንዳትሰማው፤ ቤዙን አታገኘውም። ደህና ሄድፎን አድርግና የ1976ቱን (እ.ኤ.አ.) የፔሪ አልበም «ሱፐር ኤፕ» ክፈት። መጀመሪያ ቤዙን ብቻ ተከተል። ከዚያ አንድ ድምፅ ብልጭ ብሎ ማሚቶው እየራቀ ሲሄድ እስኪጠፋ ድረስ አብረኸው ሂድ።