ጭራቁን ፊት ለፊት ሳሉት

ለልጆች የሥዕል መጽሐፍ መሥራት ለምትፈልጉ ወጣቶች፣

ረቂቃችሁን እያመጣችሁ ስታሳዩኝ ደስ ይለኛል። ብዙዎቻችሁ የምትሠሩት ታሪክ ይመሳሰላል። አንድ እንግዳ ፍጡር አለ፤ ዘንዶ ነው፣ ወይም ጭራቅ፣ ወይም ባለ አንድ ቀንድ ፈረስ። ከሌሎቹ ስለሚለይ ያዝናል፣ ይደበቃል። መጨረሻ ላይ ራሱን ይቀበላል። ጥሩ ሐሳብ ነው። እኔም ዕድሜዬን ሙሉ የታገልኩት ከዚሁ ሐሳብ ጋር ነው። ግን አንድ ቦታ ላይ ስትደርሱ፣ እኔ የተሳሳትኩትን እየደገማችሁት አያለሁ። ይህን የምጽፍላችሁ ለዚያ ነው።

እኔ ግራኝ ነኝ። ልጅ ሆኜ አንድ አስተማሪ ግራ እጄን በጨርቅ ከወንበሩ ጋር ያስሩት ነበር። ክፉ ሰው አልነበሩም፤ የሚጠቅመኝ መስሏቸው ነው። በቀኝ እጄ መጻፍ ለመድኩ፣ ፊደሌም አማረ። ሥዕል ግን በቀኝ እምቢ አለኝ። ማታ ሰው ሲተኛ ኩራዝ ሥር ቁጭ ብዬ በግራ እጄ እስል ነበር። የምስለው ሁልጊዜ ጭራቅ ነው። በሰማሁት ተረት ሁሉ ቀን ቀን የሚደበቅ፣ ማታ ብቻ የሚወጣ እሱ ነበራ።

ካደግኩ በኋላ የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ከሚሥሉ አንድ አዛውንት ዘንድ ገባሁ። መጀመሪያ ያስተማሩኝ ነገር ይህ ነው፦ ደግ ሰው ፊት ለፊት ይሳላል፣ ሁለቱም ዓይኖቹ ይታያሉ። ክፉ ሰው በጎኑ ይሳላል፣ አንድ ዓይኑ ብቻ ነው የሚታየው። የድሮ ሥዕሎቻችንን ልብ ብላችሁ እዩ። ሰማዕታቱ በሁለት ዓይን ያዩአችኋል። ገራፊዎቹ አንድ ዓይን ነው ያላቸው። ትልቅ ጥበብ ነው። ማንበብ የማይችል ሰው እንኳ ግድግዳው ፊት ቆሞ ማን ማን እንደሆነ ያውቃል።

ያ ልማድ እጄ ውስጥ ገባ። የመጀመሪያ የልጆች መጽሐፌን ስሠራ ጭራቄን ሳላስበው በጎኑ ሳልኩት። አንድ ክንዱ ከሌላው በጣም የረዘመ ጭራቅ ነው። መንደሩ ይሸሸዋል፣ ልጆች ድንጋይ ይወረውሩበታል። አንድ ቀን ታዲያ አንድ ልጅ ወንዝ ውስጥ ይወድቃል። ጭራቁ ረጅም ክንዱን ዘርግቶ ያወጣዋል። መንደሩ በእልልታ ይቀበለዋል፤ እሱም ክንዱን ይወዳል። አለቀ።

መጽሐፉን ይዤ አንድ የልጆች ቤተ መጻሕፍት ሄድኩ። አነበብኩላቸው፣ አጨበጨቡ። አንዲት የሰባት ዓመት ልጅ ግን አላጨበጨበችም። መጽሐፉን ተቀብላ ወደ ኋላ ገለጠችና ወንዙ ላይ ጣቷን አሳረፈች። «ጋሼ፣ ልጁ ባይወድቅስ ኖሮ?» አለችኝ።

መልስ አልነበረኝም። ልጁ ባይወድቅ ኖሮ ጭራቁ እስከ ዛሬ በድንጋይ እየተወገረ ነው። እኔ «ራሳችሁን ተቀበሉ» ብዬ የጻፍኩ መስሎኝ፣ «ጥቅም ካላችሁ እንቀበላችኋለን» ብዬ ጽፌያለሁ። ልጅቷ ስትነሳ አንድ እግሯን ትንሽ ትስብ እንደነበር ያየሁት ከዚያ በኋላ ነው። እንግዲህ ያቺ እግር ማንን ከወንዝ እንድታወጣ ነበር የምጠብቀው?

አደራ የምላችሁ ይህን ነው። የፍጡራችሁ ቀንድ በር አይክፈት። ጅራቱ እሳት አያጥፋ። እንግዳ የሆነው አካሉ ማንንም ሳያድን መጽሐፉ ይለቅ፤ እሱም በዚያው አካሉ ቤት ይኑረው። ከባድ ነው፣ አውቃለሁ። ያለ ጎርፍና ያለ እሳት ታሪኩን ምን ያንቀሳቅሰዋል ትሉኛላችሁ። ትንንሽ ነገር ያንቀሳቅሰዋል። ማን አጠገቡ ተቀመጠ? ማን በስሙ ጠራው? ልብስ ሲሰፋለት እጅጌው በልኩ ነው የተቆረጠው ወይስ እንደ ሌላው ሰው? ልጅ እነዚህን ነገሮች ከጎርፍ በላይ ያስተውላል።

ስለ ገጽ ብዛት ትጠይቁኛላችሁ። የሥዕል መጽሐፍ አብዛኛውን ጊዜ 32 ገጽ ነው። ትልቁ የማተሚያ ወረቀት ሲታጠፍ 16 ገጽ ስለሚወጣው፣ ሁለቱ ተደምረው ነው። የርእሱና የአሳታሚው ገጽ ሲቀነስ ለታሪኩ የሚተርፋችሁ ወደ 14 ጥንድ ገጽ ነው። ጥቂት ነው፤ አታባክኑት። ሥዕሉ የሚያሳየውን ጽሑፉ ባይደግመው አንድ ሁለት ገጽ ታተርፋላችሁ።

ፍጡር ፍለጋ ሩቅ አትሂዱ። ባለ አንድ ቀንዱን የምትወዱ ልጆች አላችሁ፤ እሱም ለእኛ ባዳ አይደለም፣ መዝሙረ ዳዊት ላይ አለ። ዘንዶ ከፈለጋችሁ ሞልቷል። በአክሱም አፈ ታሪክ አርዌ የሚባል ንጉሥ እባብ ነበር፤ ፍየልና ልጃገረድ ይገበርለት ነበር ይባላል። የንግሥተ ሳባን ታሪክ በሸራ ላይ በትንንሽ አራት ማዕዘን ከፋፍለው ሲሥሉት አይታችኋል አይደል? ብዙ ጊዜ 44 ክፍል ነው፣ የሚጀምረውም በዚሁ በአርዌ ነው። እሱን ቁጭ ብላችሁ አጥኑ። ሠዓሊው የትኛውን ቅጽበት እንደመረጠ፣ የትኛውን እንደዘለለ እዩ። ከእኔ ንግግር ይልቅ እሱ ያስተምራችኋል።

አርዌ ይገደላል። በቅዱስ ጊዮርጊስ ሥዕል ያለው ዘንዶም በጦር ይወጋል። የደብረ ዳሞው ዘንዶ ግን አይሞትም። አቡነ አረጋዊ በ6ኛው ክፍለ ዘመን ወደ አምባው ሲወጡ ያወጣቸው ዘንዶ ነው ይባላል፤ ዛሬ ሰው የሚወጣው በገመድ ነው። እሱም ስለጠቀመ ነው የከበረው ትሉኝ ይሆናል፤ ልክ ናችሁ። እኔ የምወድለት ሌላ ነገር ነው። ሠዓሊዎቻችን ጻድቅ ስለተሸከመ ብለው ወደ እርግብ አልቀየሩትም። ቅርፊቱም ርዝመቱም እንዳለ ነው፣ ከጻድቁ ጋር ተጠምጥሞ በአንድ ሥዕል ይኖራል። ልጅ ሆኜ እሱን ባየው ኖሮ ብዙ ሌሊት ይቀልልኝ ነበር።

ከዚያች ልጅ ጥያቄ በኋላ መጽሐፌን እንደገና ሠራሁት። ዓመታት ወሰደብኝ። መጀመሪያ ያደረግሁት ጭራቁን ፊት ለፊት ማዞር ነው። እጄ እምቢ ይለኝ ነበር፤ ያስተማሩኝን አዛውንት የከዳሁ ይመስለኝ ነበር። ሁለተኛውን ዓይን የሳልኩ ቀን ግን ቀና ብሎ አየኝ። ከዚያ በኋላ ድንጋይ የሚወረውርበትን ልጅ ስሥል እጄ ተንቀጠቀጠ። በጎኑ የተሳለ ፍጡር ላይ ድንጋይ መወርወር ቀላል ነበር።

ወንዙን አወጣሁት። ቡና አስገባሁ። ጭራቁ ጭሱን አይቶ ይመጣል፣ በር ላይ ይቆማል። ክንዱ ረጅም ስለሆነ የት እንደሚያደርገው ግራ ይገባዋል። ቡና የምታፈላው ሴትዮ ምንም አትለውም። በርጩማዋን ትንሽ ገፋ ታደርጋለች። ክንዱ ቄጠማው ላይ ይዘረጋል፣ ከወዲህ ግድግዳ እስከ ወዲያኛው። አንዲት ድመት መጥታ ትተኛበታለች። ቶናው ይወርዳል፣ በረካው ይወርዳል። ታሪኩ ይኸው ነው።

አርታኢው መጨረሻው ገጽ ላይ «ሁላችንም በየመልካችን ቆንጆ ነን» የሚል ዓረፍተ ነገር እንዲገባ ፈልጎ ነበር። ለመንኩት፣ ተከራከርኩት፣ በመጨረሻ ባዶውን ተወልኝ። እናንተም እዚህ ላይ እሺ አትበሉ። ዓረፍተ ነገሩ ውሸት ሆኖ አይደለም። ልጁ ግን በዚያች ሰዓት ሥዕሉን እያየ ነው፣ አታቋርጡት።

አሁን ሳነብላቸው እዚያ ገጽ ላይ ሲደርሱ ዝም ይላሉ። ከዚያ ሲኒ መቁጠር ይጀምራሉ። ስድስት ሰው ተቀምጧል፣ ጭራቁን ጨምሮ። ሲኒው አምስት ነው። ስድስተኛው በጭራቁ ትልቅ መዳፍ ውስጥ ተሸፍኖ ጠርዙ ብቻ ብቅ ብሏል። መጀመሪያ ያገኘው ልጅ ይጮሃል፣ ሁሉም ለማየት ይጋፋሉ። ሲኒውን የያዘው በግራ እጁ ነው።