የአንባቢያን ጥያቄ፦ የናይትሮ ሞተር ሮዳጅ በደጋ ብርድ

ጥያቄ (ከደብረ ብርሃን፣ ጠባሴ)
ጤና ይስጥልኝ አዘጋጆች። አንድ ስምንተኛ መጠን ላለው በሪሞት ለሚነዳ በጊዬ 3.5 ሲሲ የናይትሮ ሞተር (ሜታኖል ባለበት ነዳጅ የሚሠራ ትንሽ ሞተር) ከውጭ መጥቶልኛል። የማስነሻ ገመዱን ስጎትት ፒስተኑ ላይ ሲደርስ ቀጥ ብሎ ይይዛል። የተበላሸ ዕቃ ተልኮልኝ ይሆን? መካኒኮች ደግሞ "ሮዳጁን (አዲሱን ሞተር የማለማመድ ሥራውን) በሚኒሞ (ነዳጅ ሳትሰጠው በዝቅተኛ ዙር) ቀስ አድርገህ ጨርስ" ይሉኛል። ትክክል ናቸው?

መልስ
ሞተርዎ ደህና ነው። እንዲያውም አዲስ መሆኑ የሚታወቀው በዚሁ መያዙ ነው። የመኪና ፒስተን ፋሻ (ዙሪያውን የሚይዝ የብረት ቀለበት) አለው፤ የዚህኛው ግን የለውም። የአሉሚኒየም ፒስተኑ የሚመላለሰው ክሮም በተለበጠ የናስ ሲሊንደር ውስጥ ነው፤ ሲሊንደሩም ወደ ላይ ትንሽ እየጠበበ እንዲሄድ ተደርጎ ተሠርቷል። ሞተሩ ሲግል ናሱ ይሰፋና ልኩን ያገኛል። ሲቀዘቅዝ ግን ፒስተኑን ጠርቅሞ ይይዘዋል።

ለመኪና የሚሆነው የ"ቀስ በል" ምክር እዚህ የሚጎዳው ለዚህ ነው። ሞተሩ ቀዝቅዞ በሚኒሞ ብዙ ሲቆይ በየዙሩ ያንን ጠባብ ቦታ በግድ ያልፋል፤ ጫናውን የሚሸከመው ቢየላው (ፒስተኑን ከዘንጉ የሚያገናኘው ክንድ) ነው፣ የፒስተኑም ጠርዝ ያለጊዜው ይበላል። የዚህ ሞተር ሮዳጅ ከሁሉ በፊት ሙቀት ይፈልጋል። ጠባሴ ላይ በኅዳርና በታኅሣሥ ማለዳ፣ ሣሩ ውርጭ ለብሶ ሳለ፣ ፈጽሞ አይጀምሩ፤ ፀሐይ እስኪበረታ ይጠብቁ።

መጀመሪያ ሞተሩን በፀጉር ማድረቂያ ያሙቁት፤ የሞተሩን ራስ (የላይኛውን ክዳን) በእጅ ይዘው መቆየት እስኪያቅትዎት ድረስ። ያን ጊዜ ገመዱ ይላላል። አሁንም ከያዘ በጉልበት አይጎትቱ፤ ካንዴላውን ፈትተው ነዳጅ ሞልቶበት እንደሆነ ይዩ። ከሞላበት ገልብጠው፣ ፊትዎን ዞር አድርገው፣ ገመዱን ሁለት ሦስት ጊዜ በመሳብ ያስወጡት። ፈሳሽ አይታመቅም፤ ሳያስወጡ ከታገሉት የሚታጠፈው ቢየላው ነው።

የነዳጅ ቪቴዎቹን (የነዳጁን መጠን የሚወስኑትን ብሎኖች) በመመሪያው ልክ አድርገው ያስነሱ። የመጀመሪያውን ታንክ ጎማዎቹ ከመሬት ተነሥተው፣ በየአምስት ስድስት ሰከንዱ ጥቂት ነዳጅ እየሰጡ ይጨርሱ። የሞተሩ ራስ ሙቀት ከ90 እስከ 105 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መሆን አለበት። ካልደረሰ የማቀዝቀዣ ክንፎቹን በፎይል ይጠቅልሏቸው። ከሁለተኛው ታንክ ጀምሮ መሬት ላይ ያውርዱትና ከግማሽ ነዳጅ ሳያልፉ በሰፊው ያዙሩት። ከአራተኛው በኋላ ለሁለት ሰከንድ ሙሉ ነዳጅ መስጠት፣ መልቀቅ፣ እንደገና መስጠት። የዚህ መጠን በጊ ታንክ 125 ሚሊ ሊትር ስለሚይዝ፣ ስምንት ታንክ አንድ ሊትር ነዳጅ ማለት ነው፤ ሮዳጁም በዚያ ያልቃል።

በየታንኩ መሐል ሙሉ በሙሉ እስኪቀዘቅዝ ያሳርፉት። ሲያጠፉ የነዳጅ ቱቦውን አይቆንጥጡ፤ ዘይቱ ነዳጁ ውስጥ ስለሆነ መጨረሻዎቹን ሰከንዶች ዘይት ሳያገኝ ይሠራል። የማርሚታውን (የጭስ ማውጫውን) አፍ በታጠፈ ወፍራም ጨርቅ መዝጋት ይሻላል። ወዲያው፣ ገና ትኩስ ሳለ፣ ቮላኖውን (ከሞተሩ ዘንግ ጋር የሚሽከረከረውን ክብ ብረት) አዙረው ፒስተኑን ታች ያድርሱት። ላይ እንዳለ ከቀዘቀዘ ናሱ ይጨብጠዋል፤ በማግስቱ ገመዱ የሚበጠሰው በዚህ ነው። ፒስተኑ ታች የሚሆንበትን ቦታ ቮላኖው ላይ በቀለም ምልክት ቢያደርጉበት በየጊዜው አይቸገሩም።

ለሙቀት መለኪያ፣ በኮቪድ ጊዜ በየበሩ የነበረው የግንባር መለኪያ አይሆንም፤ የሰው ሙቀት ብቻ ነው የሚያነበው። ሌላ ከሌለዎት የሞተሩ ራስ ላይ አንድ ጠብታ ውሃ ያድርጉ። ደብረ ብርሃን ላይ ውሃ የሚፈላው 90 ዲግሪ ገደማ ነው። ጠብታው ዝም ብሎ ከተቀመጠ ቀዝቅዟል፤ በሦስት አራት ሰከንድ እየተንጫጫ ካለቀ ጥሩ ነው፤ እንደነካ ተፈናጥሮ ከጠፋ ግሏልና ያጥፉት።

ጥያቄ (ከሸዋ ሮቢት)
ደብረ ብርሃን ወንድሜ ጋ ያስተካከልነው ሞተር እዚህ ሲመጣ ጭሱ ጠፋ፣ ድምፁ ቀጠነ፣ ነዳጅ ስለቅም ቶሎ ወደ ሚኒሞ አይመለስም። ነዳጁ ያው ነው። ምን ነካው?

መልስ
ነዳጅ አንሶታል፤ ሳያስተካክሉ አይንዱት። ደብረ ብርሃን ከ2,800 ሜትር በላይ ናት፤ አየሩ ከባሕር ጠለል ሲነጻጸር ሩብ ያህል ይሳሳል። አየሩ ሲሳሳ ነዳጁም መቀነስ ስላለበት ወንድምዎ ቪቴውን ዘጋ አድርጎታል፤ እዚያ ልክ ነበር። ጣርማበርን አልፈው፣ ደብረ ሲናን ወርደው፣ 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ሲደርሱ አየሩ ወፍሮ ይጠብቅዎታል፤ ነዳጁ ግን በደጋው ልክ ነው የሚፈሰው። በናይትሮ ሞተር ዘይቱ ነዳጁ ውስጥ ስለሆነ፣ ነዳጅ አነሰ ማለት ዘይትም አነሰ ማለት ነው።

የከፍተኛውን ፍጥነት ቪቴ በካቻቢቴ ሩብ ዙር ይክፈቱና ሙሉ ነዳጅ ሲሰጡ ነጣ ያለ የጭስ መስመር መታየቱን ያረጋግጡ። ከዚያ በኋላ ቪቴውን ከአንድ ስምንተኛ ዙር በላይ በአንድ ጊዜ አይንኩ፤ ከእያንዳንዱ በኋላ ሁለት ሦስት ዙር ነድተው ሙቀቱን ይለኩ። ከ125 ዲግሪ እንዳያልፍ። የሚኒሞውን ለመፈተሽ ሞተሩ በደንብ ሞቆ ሳለ ቱቦውን ይቆንጥጡ፦ ጥቂት ፈጠን ብሎ በሦስት አራት ሰከንድ ከጠፋ ልክ ነው፤ ወዲያው ከጠፋ ነዳጅ አንሶታል፤ ብዙ ቆይቶ ጮሆ ከጠፋ በዝቶበታል። (ይህ ሮዳጁን ለጨረሰ ሞተር ብቻ ነው።) ወደ ደጋ ሲመለሱ የተገላቢጦሽ ነው። የቪቴውን ቦታ ለሁለቱም ከተማ በደብተር ይያዙ።

የሸዋ ሮቢት አቧራም ቀላል አይደለም። የአየር ፊልትሮውን ስፖንጅ በፊልትሮ ዘይት ያርሱት፣ በነዱበት ቀን ሁሉ ይጠቡት። አንድ ቀን ያለ ዘይት መንዳት ፒስተኑን ለመጨረስ በቂ ነው።

ጥያቄ (ከደብረ ሲና)
ገና ልገዛ ነው። 2.5 ሲሲ ወይስ 3.5? ካንዴላውስ?

መልስ
ለአንድ ስምንተኛ በጊ 3.5። ደጋው ጉልበቱን ሩብ ያህል ስለሚወስድበት ትንሹ ዳገት ላይ ያቃስታል። ካንዴላ ሁለት ዓይነት ነው፣ ተራውና ተርቦ የሚባለው፤ ጥርሳቸው ስለማይገጥም የሞተሩን ራስ አይተው ይግዙ፣ አምስት ስድስት መለዋወጫም ይያዙ። ግን ከሁሉ በፊት ነዳጁን ከየት እንደሚያገኙ ይወቁ። ተቀጣጣይ ስለሆነ በአውሮፕላን ሻንጣ መያዝ ክልክል ነው። የማያቋርጥ ነዳጅ ካላገኙ ኤሌክትሪኩን ይግዙ፤ እሱ የአየር መሳሳት አያሳስበውም።

ጥያቄ (ከመሐል ሜዳ)
ነዳጁ ካለቀ ቤንዚን በዘይት በጥብጦ መጠቀም አይቻልም? አረቄስ?

መልስ
ሁለቱም አይሆኑም። የዚህ ሞተር ካንዴላ የሚያቀጣጥለው በብልጭታ አይደለም፤ የፕላቲነም ሽቦው ከሜታኖል ጋር ሲገናኝ ራሱን በራሱ እያጋለ ነው። ለቤንዚን ይህን አያደርግም። አረቄ ደግሞ ብዙ ውሃ አለበት፣ ኩሽኔታውን ያዝገዋል።

አረቄን ካነሡ ዘንድ፦ የናይትሮ ነዳጅ አብዛኛው ሜታኖል ነው፤ ጥቂቱ ዓይን ያጠፋል፣ ይገድላል። በቆዳም ይገባል። በቀን ብርሃን ሲነድ እሳቱ አይታይም ማለት ይቻላል። በአረቄ ጠርሙስም ሆነ በሃይላንድ ፈጽሞ አይገልብጡት፤ በመጣበት ጣሳ፣ ክዳኑን ጠበቅ አድርገው፣ "መርዝ" ብለው ጽፈውበት፣ ልጆችና እንግዳ ከማይደርሱበት ቦታ ቆልፈው ያኑሩት።