ለሽያጭ የሚሆን የፎቶ ፕሪንተር እንዴት ልምረጥ? ጥያቄና መልስ

ፎቶዬን ራሴ አትሜ መሸጥ ከጀመርኩ 9 ዓመት አለፈኝ። በዚህ ጊዜ ውስጥ ሁለት ፕሪንተር ቀይሬያለሁ። አንደኛው የሞተብኝ ሥራ በዝቶበት ሳይሆን ሥራ ፈትቶ «ሄዱ» (ቀለሙን ወረቀቱ ላይ የሚረጨው ክፍል) ስለደረቀ ነው። «የትኛውን ልግዛ?» የሚለው ጥያቄ ሲበዛብኝ ጊዜ «ያላችሁን ሁሉ ጠይቁኝ» ብዬ ነበርና፣ የደረሱኝን ጥያቄዎች ከነመልሳቸው እነሆ።

ጥያቄ፦ ገና ጀማሪ ነኝ። አንድ ስም ብቻ ንገረኝ፤ ምን ልግዛ?

ወንድሜ፣ ስም ከመጥራቴ በፊት አንተ ንገረኝ፤ በየሳምንቱ የሚታተም ሥራ አለህ? ከሌለህ ለጊዜው ምንም አትግዛ። ጥሩ ፎቶ ላብ ፈልግና ትእዛዝ ሲመጣ እዚያ አሳትም። ትርፉ ያንሳል፤ ግን ገዢዎችህ የትኛውን መጠንና የትኛውን ወረቀት እንደሚወዱ ሳትከስር ታውቃለህ። ከጥቂት ወራት በኋላ ትእዛዙ ሳምንት ሳይዘል የሚመጣ ከሆነ፣ ምን ዓይነት ፕሪንተር እንደሚያስፈልግህ ሥራው ራሱ ይነግርሃል።

ሥራው አሁኑኑ ካለህ ደግሞ፣ እስከ ኤ3+ (ከኤ3 ትንሽ የሚበልጥ መጠን) ድረስ ላለ ህትመት ኤፕሰን ሹርከለር ፒ700ን እና ካነን ፕሮ-300ን ጎን ለጎን አስቀምጠህ ምረጥ። ሁለቱም ባለ ፒግመንት ቀለም (ብርሃን ላይ ቶሎ የማይደበዝዝ ዓይነት) ናቸው። በጥራት በኩል ገዢ የሚለየው ልዩነት በመካከላቸው አላየሁም። ስለዚህ ቀለሙን፣ መለዋወጫውንና ጠጋኙን በቀላሉ የምታገኝለትን ውሰድ።

ጥያቄ፦ ፒግመንትና ዳይ የሚባለው ግራ አጋባኝ። የዳይ ህትመት እኮ ለዓይኔ የበለጠ ያምራል!

ዓይንሽ አልተሳሳተም፣ እህቴ። ዳይ በፈሳሹ ውስጥ ሙሉ በሙሉ የሟሟ ቀለም ነው። የወረቀቱ ሽፋን ውስጥ ስለሚሰርግ ግሎሲ (አንጸባራቂ) ወረቀት ላይ ገጹ ልሙጥ፣ ቀለሙም ደማቅ ሆኖ ይወጣል። ፒግመንት ግን አይሟሟም፤ በፈሳሹ ውስጥ የሚንሳፈፍ እጅግ የደቀቀ ዱቄት ነው። ብርሃን ሲያርፍበት ዳይ ሞለኪውሉ በቀጥታ ይጠቃል። የፒግመንት ቅንጣት ግን ከላይ ከላይ ነው የምትበላው፤ በውስጧ ያለው ቀለም ተከልሎ ይቆያል። ዕድሜው የሚረዝመው በዚህ የተነሳ ነው።

ሙያው ይህን የተማረው በዋጋ ነው። እ.ኤ.አ. በ1991 ካሊፎርኒያ የተከፈተው ናሽ ኤዲሽንስ የተባለ ስቱዲዮ፣ አይሪስ በሚባል ትልቅ ኢንክጄት (ፈሳሽ ቀለም እየረጨ የሚያትም) ማሽን የፎቶና የሥዕል ሥራዎችን ለሰብሳቢዎች ያትም ነበር። «ዢክሌ» የሚለውን ስም ጃክ ዱጋን ያወጣው ለዚያ ህትመት ነው። ውበቱ አፍ ያስከፍት ነበር፤ ነገር ግን የመጀመሪያዎቹ የአይሪስ ቀለሞች ዳይ ስለነበሩ ብርሃን ላይ ቶሎ ደበዘዙ። ማሽኑ ዛሬ በአሜሪካው ስሚዝሶኒያን ሙዚየም ክምችት ውስጥ ነው፤ ለሽያጭ የሚታተም ፎቶ ግን በአብዛኛው ወደ ፒግመንት ዞሯል።

ለራስሽ አልበም ከሆነ ዳይ ይበቃሻል። ገንዘብ ከፍሎ ግድግዳው ላይ ለሚሰቅል ሰው ግን እባክሽ በፒግመንት አትሚለት።

ጥያቄ፦ 13 ኢንች ወይስ 17 ኢንች?

ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚያየው የወረቀቱን ስፋት ነው። እኔ የማየው ካርትሪጁ (የቀለሙ መያዣ) ስንት ሚሊ ሊትር እንደሚይዝ ነው። የካነን ፕሮ-300 ካርትሪጅ 14.4 ሚሊ ሊትር ነው፣ የፒ700 ደግሞ 25፤ ሁለቱም 13 ኢንች ናቸው። ወደ 17 ኢንች ስትወጣ የኤፕሰን ፒ900 ካርትሪጅ 50፣ የካነን ፕሮ-1000 ደግሞ 80 ሚሊ ሊትር ይይዛል። ካርትሪጁ በተለቀ ቁጥር የአንዷ ሚሊ ሊትር ዋጋ አብዛኛውን ጊዜ ይወርዳል። አንድ ፕሪንተር ደግሞ አሥር ካርትሪጅ ይዞ (ፕሮ-1000 እንዲያውም 12 ነው) ልዩነቱ በየወሩ ይሰማሃል። ርካሹን ማሽን የገዛ ሰው ገንዘቡን ቀስ በቀስ ለቀለም ይከፍለዋል።

17 ኢንቹ እስከ ኤ2 ማለትም እስከ 42 በ59.4 ሳንቲ ሜትር ያትምልሃል። በኔ ልምድ፣ ቤቱ ከሶፋ በላይ የሚሰቅል ሰው የሚጠይቀው መጠን ይኸው ነው። እንግዲህ የምትሸጠው ባብዛኛው ኤ4 እና ፖስትካርድ ከሆነ 13ቱ ይበቃሃል። ኤ3 በየሳምንቱ የምታወጣ ከሆነ ግን 17ቱን ግዛ ብዬ በድፍረት እመክርሃለሁ። ጠረጴዛህን አጠናክር ታዲያ፤ ፕሮ-1000 ብቻውን 32 ኪሎ ገደማ ነው።

ጥያቄ፦ ቀለሙ በጠርሙስ የሚሞላው ኢኮታንክ ኢቲ-8550 በጣም ቆጣቢ ነው ሲሉ ሰማሁ። ለሽያጭ አይሆንም?

ለሰላምታ ካርድ፣ ለፖስትካርድ፣ ለትንንሽ ስጦታ በጣም ይሆናል፤ የቀለም ወጪው በእውነት ዝቅተኛ ነው። ከስድስቱ ቀለሞች ግን አምስቱ ዳይ ናቸው፤ ፒግመንቱ አንዱ ጥቁር ብቻ ነው። «ለዘመናት የሚቆይ» ብለህ በውድ የምትሸጠውን ህትመት በዚህ አትሥራ። የምትሸጠው ነገር ምን እንደሆነ ለገዢው በግልጽ ከነገርከው ግን ምንም ነውር የለበትም።

ጥያቄ፦ ሠርግና ዝግጅት ላይ አንስቼ እዚያው አትሜ መስጠት ነው የምፈልገው።

ያንተ ሥራ ሌላ ማሽን ነው የሚፈልገው፤ ዳይ ሰብሊሜሽን። ሪባኑ ላይ ያሉትን ቢጫ፣ ማጀንታና ሳያን በሙቀት ወረቀቱ ላይ ያሳርፍና በመጨረሻ መከላከያ ሽፋን ይደርብበታል። ፎቶው ደርቆ ይወጣል፣ ጣት አያበላሸውም፣ የሚደርቅ ሄድም የለም። ሪባኑና ወረቀቱ ለዚህን ያህል ፎቶ ተብሎ አብሮ ስለሚሸጥ የአንዱ ፎቶ ወጪ ቁርጥ ያለ ነው። በጥጥ ወረቀት ላይ ማተም ግን አይችልም፤ መጠኑም የተወሰነ ነው።

ጥያቄ፦ ሄዱ ሁልጊዜ እየደረቀ አስቸገረኝ። ምን ላድርግ?

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ የመጀመሪያ ማሽኔን ያጣሁት በዚህ ነውና። ለሁለት ወር ሌላ ሥራ ይዤ ዞር ብዬ ሳላየው ቀረሁ። ስመለስ ማጀንታው ጭራሽ አልወጣም አለ። በድንጋጤ ማጽጃውን ደጋግሜ አስነሳሁት፤ ያ ሁሉ ቀለም ወደ ቆሻሻ ቀለም ማጠራቀሚያው ሄደና ካርትሪጆቹ አለቁ፣ ሄዱም አልተከፈተም።

ከዚያ ወዲህ በየሳምንቱ አንድ ቀን፣ ትእዛዝ ኖረም አልኖረም፣ ሁሉንም ቀለም የሚነካ አንድ ትንሽ ፎቶ አትማለሁ። ከትልቅ ህትመት በፊት ሁልጊዜ ኖዝል ቼክ (የሄዱ ቀዳዳዎች ሁሉ ቀለም ማውጣታቸውን የሚያሳይ የሙከራ ህትመት) አወጣለሁ፤ አንድ ተራ ወረቀት አንድ ውድ ወረቀት ያድናል። ማሽኑን የማጠፋው በራሱ ቁልፍ ነው፤ ሶኬቱን በድንገት ከነቀልከው ሄዱ ክዳኑ ላይ ሳያርፍ ሊቀርና አየር ሊመታው ይችላል። የክፍሉን እርጥበት ከ40 እስከ 60 በመቶ መካከል ለማቆየት ሞክር፤ ደረቅ አየር ጠላቱ ነው። መስመር ከጎደለ አንዴ ወይም ሁለቴ አጽዳ፣ ካልሆነ ጥቂት ሰዓት አሳርፈህ እንደገና ሞክር።

የፕሮ-1000 ሄድ ባለቤቱ ራሱ አውጥቶ የሚቀይረው ነው። የኤፕሰኖቹን የሚቀይረው ባለሙያ ነው። ጠጋኝ ከራቀብህ ይህን አስብበት።

ጥያቄ፦ ያገለገለ ብገዛስ?

አይንህ እያየ ኖዝል ቼክ ካላወጣልህ አትክፈል። የቀደሙትን ኤፕሰኖች፣ ለምሳሌ ፒ800ን፣ የምትገዛ ከሆነ ደግሞ ከግሎሲ ወደ ማት (የማያንጸባርቅ) ወረቀት ስትቀያይር ጥቁሩን ለመለወጥ ቀለም እንደሚያፈስ እወቅ። ፒ700 እና ፒ900 ላይ ሁለቱ ጥቁሮች የየራሳቸው ኖዝል ስላላቸው ይህ ብክነት ቀርቷል።

ጥያቄ፦ ስክሪኔ ላይ ፏ ያለው ፎቶ ሲታተም ይጨልማል። ፕሪንተሩ ነው ችግሩ?

አብዛኛውን ጊዜ ስክሪኑ ነው። የስክሪንሽን ብርሃን ከ80 እስከ 120 ካንዴላ በካሬ ሜትር አውርጂው፤ ሲገዛ ካለው ድምቀት በጣም ዝቅ ያለ ነው፤ ዓይንሽ ሁለት ቀን ይወስድበትና ይለምደዋል። ከተቻለሽ የስክሪን መለኪያ መሣሪያ ግዢ፤ ካልቻልሽ ተዋሺ። ቀጥሎ ለተጠቀምሽበት ወረቀት የተሠራውን አይሲሲ ፕሮፋይል (ፕሪንተሩና ወረቀቱ ቀለሙን እንዴት እንደሚያወጡ የሚገልጽ ፋይል) አውርጂና ፎቶሾፕ ቀለሙን እንዲያስተዳድር አድርጊ፣ በፕሪንተሩ በኩል ያለውን የቀለም ማስተካከያ ደግሞ አጥፊው። ሁለቱም ከሠሩ ፎቶው ሁለት ጊዜ ይታረምና ቀለሙ ይዛባል።

ጥያቄ፦ ካሜራዬ 24 ሜጋፒክስል ነው። ለትልቅ ህትመት ይበቃል?

ይበቃል። 6000 በ4000 ፒክስል በ300 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 300 ነጥብ) ሲታተም 51 በ34 ሳንቲ ሜትር ገደማ ይሆናል። ከዚያ ለሚበልጠው 240ም አያሳፍርህም፤ ትልቅ ፎቶ ራቅ ተብሎ ነው የሚታየው።

ጥያቄ፦ ተመሳሳይ ነው የሚባለውን ርካሽ ቀለም ብሞላበትስ?

ለሽያጭ ከሆነ እኔ አላደርገውም። ፕሮፋይሎቹ ለዋናው ቀለም የተለኩ ናቸው፣ የብርሃን መቋቋሚያ ፈተናውም የተደረገው በዋናው ቀለምና በተጠቀሰው ወረቀት ነው። ቀለሙን ስትቀይር ለገዢህ የምትነግረው ዕድሜ መሠረት ያጣል።

ጥያቄ፦ ወረቀትስ?

ለጀማሪ ሁለት ይበቁታል፤ አንድ ከፊል አንጸባራቂ ለደማቅ ፎቶ፣ አንድ ማት የጥጥ ወረቀት ለጸጥ ያለ ሥራ። እ.ኤ.አ. ከ1584 ጀምሮ ወረቀት የሚሠራው የጀርመኑ ሃነሙለ ኩባንያ ያለው «ፎቶ ራግ» የተባለ የጥጥ ወረቀት፣ በካሬ ሜትር 308 ግራም የሚመዝነው፣ ከእጄ የማይጠፋ ነው። ስትገዛ «ኦፕቲካል ብራይትነር አለበት?» ብለህ ጠይቅ። እሱ ወረቀቱን ድንቅ አድርጎ ያነጣዋል፤ ከጊዜ ጋር ግን ኃይሉ ይደክምና ወረቀቱ ወደ ቢጫነት ያደላል።

ጥያቄ፦ የአንዱን ህትመት ወጪ እንዴት ላስላ?

የቀለሙን መጠን ከመጀመርህ በፊት መዝግብ፣ አሥር የተለያዩ ፎቶዎች በአንድ መጠን አትም፣ ከዚያ የጎደለውን አካፍል። በዚህ ላይ ወረቀቱን፣ የተበላሹትን ቅጂዎች፣ በማጽጃ የሚሄደውን ቀለምና የሚለወጠውን የቆሻሻ ቀለም ማጠራቀሚያ ጨምር። ብዙዎቻችን የምንረሳው የተበላሹትን ነው። የመከርከሚያና የማሸጊያ ሰዓትህንም ቁጠር፤ ያንተም ጉልበት ዋጋ አለው።

ጥያቄ፦ ፍሬም ውስጥ ካስገባሁት በኋላ መስታወቱ በውስጥ በኩል ጭጋግ ለበሰ። ገዢው መልሶ አመጣው።

ቀለሙ ሲነኩት ደርቋል፤ በውስጡ ያለው ፈሳሽ ግን ገና መትነኑን አላቆመም፤ መስታወቱ ላይ ያረፈው እሱ ነው። በተለይ ፕላስቲክ ሽፋን ባለው ወረቀት ላይ ይበረታል። ህትመቱን ለጥቂት ደቂቃዎች ገልጠህ ተወው፣ ከዚያ ተራ ነጭ ወረቀት ከላይ አልብሰህ 24 ሰዓት አሳድረው። በማግስቱ የለበሰው ወረቀት ከተጨማደደ ሌላ ቀይረህ አንድ ቀን ጨምርለት። ፍሬም ውስጥ ስታስገባው ደግሞ በህትመቱና በመስታወቱ መካከል መሃሉ የተቆረጠ የካርቶን ክፈፍ አስገባ እንጂ አታነካካቸው። ያሁኑን ከፍሬሙ አውጥተህ መስታወቱን ጥረገውና አናፍሰው፤ ህትመቱ ራሱ አልተበላሸም፣ ለገዢህ መልሰህ ልትሰጠው ትችላለህ።