«ለውጭው ዕድል ብዬ ምግብ ማቀነባበር ልማር ወይ?»

ከመርሳ የጻፍሽልኝ እህቴ፣ ደብዳቤሽ ደርሶኛል። 12ኛ ክፍል ጨርሰሻል፤ የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ነጥብ ለጥቂት አምልጦሻል። ደሴ ያለ አንድ ኮሌጅ ምግብ ማቀነባበር ሊያስተምርሽ ተቀብሎሻል። ከአውሮፓ ትምህርት ቤት ጋር ስምምነት እንዳለውና ጎበዝ ተማሪ ወደዚያ እንደሚልክም ነግረውሻል። አባትሽ ግን «ምግብ ለመሥራት ደግሞ ኮሌጅ? ከእናትሽ አትማሪም?» አሉሽ። አንቺም «ለውጭው ዕድል ስል ልግባ?» ብለሽ ጠየቅሽኝ።

ለውጭው ዕድል ብቻ ብለሽ አትግቢ። ሙያውን ከወደድሽው ግን ሳታቅማሚ ግቢበት። ስምምነቱን ደግሞ ገንዘብ ከመክፈልሽ በፊት መርምሪው።

የአባትሽ ጥያቄ መልስ የሚገባው ነው። ግራናና መርሳ ላይ ቲማቲም በአንድ ሰሞን ሲደርስ የሚሆነውን አንቺ ከእኔ በላይ ታውቂዋለሽ። ዋጋው ይወድቃል፣ የተረፈው ይበሰብሳል። ያንን ቲማቲም ድልህ አድርጎ በጠርሙስ አሽጎ ለወራት ማቆየት ይቻላል። ግን እናቶቻችን ለቤት ሲሠሩ ያልገጠማቸው ጥያቄ አለ፦ የማያውቅሽ ሰው ከሦስት ወር በኋላ ከፍቶ ሲበላው ይታመማል ወይስ አይታመምም?

ቲማቲም ጎምዛዛ ነው። ጎምዛዛነቱ የሚለካው ፒኤች በሚባል ቁጥር ነው፤ ቁጥሩ ከ4.6 በታች ከሆነ በፈላ ውሃ አሙቆ ማሸግ ይበቃል። አንዳንዱ ዝርያ መስመሩ ላይ ስለሚደርስ ሎሚ ወይም ሲትሪክ አሲድ ይጨመርበታል። ሥጋ ወይም ባቄላ ሲታሸግ ግን የፈላ ውሃ አያድንም። በግፊት 121 ዲግሪ ማድረስ ያስፈልጋል። አለበለዚያ ቦቱሊዝም የሚባለውን በሽታ የሚያስከትል መርዝ የሚያመርተው ባክቴሪያ ተርፎ ሰው ሊገድል ይችላል፤ ምግቡም አንዳንዴ ምንም ሽታ አይኖረውም። ወተት 72 ዲግሪ ላይ ለ15 ሰከንድ የሚሞቀውም እንዲሁ በግምት አይደለም። በቆሎ ወይም ማሽላ በደንብ ሳይደርቅ ከተከማቸ ይሻግታል፤ ከሻጋታው የሚመጣው አፍላቶክሲን ደግሞ ቢቀቅሉትም ቢጋግሩትም አይጠፋም። ኮሌጅ የምትገቢው ለዚህ ነው። የእናትሽ እጅ ላይ ያለው ሙያ ትልቅ ሀብት ነው፤ ትምህርቱ የሚጨምርልሽ ልኬቱን፣ መዝገቡንና ኃላፊነቱን ነው። ይህንን ለአባትሽ ንገሪያቸው። ቢቻል ይዘሻቸው ሂጂና ወርክሾፑን በዓይናቸው ይዩት።

ሥራውስ? ኮምቦልቻ ቅርብሽ ናት። ቢራ ፋብሪካ አለ፣ ዱቄት ፋብሪካዎች አሉ። ጀማሪ ብዙ ጊዜ የሚገባው ምርት መስመር ላይ ወይም ጥራት ቁጥጥር ውስጥ ነው። የሌሊት ሺፍት አለው፣ ቀኑን ሙሉ መቆም አለው፣ የመጀመሪያው ደመወዝም የሚያኩራራ አይደለም። ይህን እያወቅሽ ብትገቢ ይሻላል። ደግሞ ከሁለት ሦስት ጓደኞችሽ ጋር ተደራጅተሽ ድልህ ወይም በርበሬ አሽጎ መሸጥም መንገድ ነው፤ እኔ እንዲያውም ለመርሳ ልጅ የማስበው ይህንን ነው። ጥሬ ዕቃው ደጃፍሽ ላይ ነው።

አሁን ወደ ስምምነቱ። ከውጭ ትምህርት ቤት ጋር መጣመር ለአገራችን አዲስ አይደለም። የዛሬው ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ፣ የያኔው ዓለማያ እርሻ ኮሌጅ፣ የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1952 ከአሜሪካው የኦክላሆማ ኮሌጅ ጋር በተደረገ ስምምነት ነው። ትብብሩ እስከ 1968 ቆየ። መምህራኑ እዚህ መጥተው አስተማሩ፣ የእኛ ልጆች ውጭ ተምረው ተመልሰው ቦታቸውን ተረከቡ። አሜሪካኖቹ ሲወጡ ኮሌጁ አልተዘጋም። ለእኔ ጥሩ ጥምረት ማለት ይህ ነው፤ ጥቂት ተማሪ ከመላክ ይልቅ እዚህ የሚቀረውን ሁሉ የሚያስተምር።

ስለዚህ ኮሌጁን ስትጠይቂ «ስንት ሰው ልካችኋል?» በሚለው ብቻ አትቁሚ። የውጭው ትምህርት ቤት ለኮሌጁ ምን መሣሪያ ሰጠ? መሣሪያው ይሠራል ወይስ ተቆልፎ ተቀምጧል? መምህራኑን ማን አሠለጠናቸው? የትብብር ሥልጠናው የትኛው ፋብሪካ ነው፣ ለስንት ወር? የምስክር ወረቀቱን የሚሰጠው ማን ነው፣ እዚህስ ይታወቃል? ስምምነቱ መቼ ያበቃል? ባለፈው ዓመት የተመረቁ ልጆች ስልክም ጠይቂ። እነሱ ከማንም በላይ እውነቱን ይነግሩሻል። «ቦታ እንዲያዝልሽ» ብሎ ገንዘብ የሚጠይቅ ደላላ ወይም ኤጀንት ከመጣ ንግግሩን እዚያው አቁሚ። ስምምነት በተቋማት መካከል ነው፤ በሰው ኪስ አያልፍም።

ውጭ መሄዱም በየዓይነቱ ነው። ኢራስመስ ሙንዱስ የሚባለው የአውሮፓ ስኮላርሺፕ ለማስተርስ ስለሆነ መጀመሪያ ዲግሪ ይፈልጋል። ጀርመን ውስጥ ዳቦ ጋጋሪነትም ሆነ የወተት ቴክኖሎጂ ሦስት ዓመት ይወስዳል፤ ተማሪው ከድርጅት ጋር ውል ይዞ እየተከፈለው፣ ጎን ለጎን ትምህርት ቤት እየገባ ይማራል። ጀርመንኛ ግን የግድ ነው። እስራኤል አራቫ በረሃ ላይ ያለው የግብርና ማሠልጠኛ ኢትዮጵያውያንንም ሲቀበል ቆይቷል፤ የሳምንቱ አብዛኛው ቀን እርሻ ላይ መሥራት ስለሆነ ጉልበት ይጠይቃል። በኋለኞቹ ሁለቱ ደግሞ እጁ ሥራ የለመደ ሰው ይጠቀማል።

እንግሊዝኛሽን ከአሁኑ አጠናክሪ። ከገባሽ በኋላ ላብራቶሪ ውስጥ የለካሽውን ሁሉ በቀን በቀኑ ደብተር ላይ ጻፊ፤ ቀጣሪም ሆነ የውጭ ትምህርት ቤት ሲጠይቅሽ የምታሳዪው እሱን ነው። ሲኦሲ የሚባለውን የሙያ ብቃት ምዘና ሳትፈተኚ አትቅሪ። ወደ ዲግሪ የሚያሸጋግረው ደንብ ስለሚለዋወጥ የዘንድሮውን ሬጅስትራር ጠይቂ። ኮሌጁ ስለ ስምምነቱ ከላይ ለጻፍኩልሽ ጥያቄዎች በግልጽ ካልመለሰልሽ ደግሞ ምዝገባ ሳይዘጋ ኮምቦልቻ ግብርና ኮሌጅ ደውለሽ ዘንድሮ የትኞቹን ዘርፎች እንደከፈቱ አረጋግጪ።