ንግሥትና ሰባት የያዝኩበት ሌሊት

ውድ ልጆቼ፤

ባለፈው ሳምንት እዚህ አዳማ፣ ፍራንኮ አካባቢ ዘወትር ቡና በምጠጣበት ቤት፣ በአዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ የሚማረው የጎረቤቴ ልጅ በስልኩ ፖከር ሲጫወት አገኘሁት። ላስ ቬጋስ ከተማ ውስጥ ለሃያ ሁለት ዓመታት ካርታ አዳይ ሆኜ መሥራቴን ስለሚያውቅ ስልኩን ወደ እኔ አዙሮ፣ «ጋሼ፣ እንደ ገንዘብ የምንጫወትበት ቺፕስ ብዙ ሲሆን በደካማ ካርታም ቢሆን ብዙ አስይዞ መግፋት ነው የሚያዋጣው ይባላል፤ እውነት ነው?» ሲል ጠየቀኝ። በዕለቱ በቁጥር መለስኩለትና ተለያየን። ማታ ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ፤ ይህንኑ ጥያቄ ከብዙ ዓመታት በፊት እኔው ለራሴ በትክክል መልሼው፣ ትክክለኛውን መልስ ያለ ቦታው ተጠቅሜበት፣ በመጨረሻም ከሽንፈቱ የከፋ ነገር ሠርቼበት ነበር።

ከአቅም በላይ ስለ መቆመር እዚህ አልጽፍም፤ ያንን ወላጆቻችሁ ነግረዋችኋል።

ልጁ የጠየቀው በመሠረቱ እውነት ነው። በቴክሳስ ሆልደም፣ ማለትም እያንዳንዱ ተጫዋች ሁለት ካርታ ደብቆ ይዞ መሐል ላይ ከሚገለጡ አምስት የጋራ ካርታዎች ጋር በሚያጣምርበት የፖከር ዓይነት፣ ቺፕስ ሲበዛ የካርታ ዋጋ ይለወጣል። በላስ ቬጋስ በየዓመቱ የሚካሄደው የዓለም ፖከር ዋና ውድድር በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ2019 ሲጀመር እያንዳንዱ ተጫዋች 60,000 ቺፕስ፣ ማለትም የመጀመሪያውን ትልቅ ብላይንድ (ካርታ ሳይታይ በግዴታ የሚከፈለውን መነሻ) 300 እጥፍ ይዞ ነበር የተቀመጠው። እንዲህ ባለ ውድድር ሁለት ወይም ሦስት ብላይንድ ከፍሎ ፍሎፕን፣ ማለትም መጀመሪያ የሚገለጡትን ሦስት የጋራ ካርታዎች፣ ማየት ርካሽ ነው። ምልክታቸው አንድ የሆነ ስድስትና አምስት ከሁለት አስ ጋር ቢገጥሙ የሚያሸንፉት ከመቶ 23 ጊዜ ያህል ብቻ ነው፤ ሆኖም ሁለት አስ የያዘ ሰው ካርታውን ለመጣል ስለሚከብደው፣ ባለ ስድስቱ በቀናው ጊዜ ጥቂት ከፍሎ የሌላውን ክምር በሙሉ ሊወስድ ይችላል። ቺፕሱ ጥቂት ቢሆን ኖሮ የሚወሰድ ነገር ስለማይኖር ሒሳቡ አይሠራም ነበር።

እኔም ይህን በዓይኔ አይቻለሁ። ከብዙ ዓመታት በፊት የተወዳደርኩት ከምሠራበት ቁማር ቤት ውጭ ነበር፤ መግቢያው 1,000 ዶላር ሲሆን ግማሹን የከፈለልኝ ታክሲ የሚነዳ የናዝሬት ልጅ፣ አብሮ አደጌ ነበር። ልጆች ሳለን ባቡር ጣቢያው አጠገብ ተሸካሚዎች ኮንከር ሲጫወቱ ጎን ለጎን ቆመን እናይ ነበር፤ እሱ ዘወትር የተሸናፊውን ፊት ነበር የሚያየው፣ እኔ ደግሞ እጆቹን። ቬጋስ ውስጥም እኔ ካርታ ሳድል እሱ ሌሊቱን መንገደኛ ሲያመላልስ ያድርና ሲነጋ ቡና ላይ ተገናኝተን፣ በጠረጴዛዬ ስለሚቀመጡት ሰዎች ጠባይ አንድ በአንድ እነግረው ነበር።

በ20,000 ቺፕስ ጀመርን፤ ትንሹና ትልቁ ብላይንድ 50 እና 100 ነበር። በመጀመሪያው ሰዓት አንድ ጥንቁቅ ሰው ከፊት ወንበር ወደ 300 ከፍ አደረገ፤ እኔ ከሁሉም በኋላ የምናገርበት ቦታ ላይ ሆኜ ጥቁር ስድስትና አምስት ይዤ ገባሁ። ፍሎፑ ስምንት፣ ሰባት፣ ሁለት ሆነ። እሱ 500 ሲያስይዝ እኔ 1,600 አደረግሁት፤ በዚያች ቅጽበት ምንም አልያዝኩም፣ ነገር ግን ዘጠኝ ወይም አራት ቢመጣ አምስት ተከታታይ ካርታ ይሞላልኛል፤ አራት ዘጠኞችና አራት አራቶች ስላሉ በድምሩ ስምንት ካርታ ያድነኛል፤ እስከ መጨረሻዋ ካርታ ድረስ ከሦስት አንድ ጊዜ ያህል ይመጣሉ ማለት ነው፤ ሰውዬው ካርታውን ቢጥልም ያለ ምንም ችግር አሸንፋለሁ። አልጣለም፤ ዘጠኝ መጣ፤ ሁለት አሶቹን ይዞ እስከ መጨረሻው ከፈለኝ። ቺፕሴ ከ32,000 በላይ ሆነ። ያ ጨዋታ ትክክል ነበር፤ ነገ ብቀመጥ እንደገና እጫወተዋለሁ።

ሆኖም ከዚያ በኋላ ያሉትን ስምንት ሰዓታት ያበላሸብኝ ይኸው ጨዋታ ነው። በደካማ ካርታ መግፋት የምችል ሰው መሆኔን እንጂ ለምን እንደቻልኩ አላሰብኩም። ሲመሽ ብላይንዱ 600 እና 1,200 ደርሶ ነበር። እኔ 41,000 ይዤ ነበር፤ ጠዋት የብላይንዱን 200 እጥፍ ይዤ የጀመርኩ ሰው አሁን የቀረኝ 34 እጥፍ ብቻ መሆኑ ነው። ቺፕሱ በቁጥር ስለ በዛ የበለጸግሁ መስሎኝ ነበር። ተቃራኒዬ ደግሞ በራሴ ጠረጴዛ ላይ ለዓመታት ካርታ ያደልኩለት፣ ጥንድ ከያዘ ቤት ቢቃጠል የማይነሣ ሽማግሌ ነበር፤ ስለ እሱ ለጓደኛዬ ደጋግሜ አውርቼለታለሁ።

ሽማግሌው 3,000 አደረገ። እኔ ትልቁን ብላይንድ በምከፍልበት ወንበር ላይ ሆኜ ምልክታቸው የተለያየ ንግሥትና ሰባት ይዤ ገባሁ። ፍሎፑ ንጉሥ፣ ስምንት፣ ሦስት ነበር። እኔ ሳላስይዝ አለፍኩ፣ እሱ 3,500 አስያዘ፣ እኔ 9,000 አደረግሁት። ረጅም ጊዜ አስቦ ኮል አደረገ፣ ማለትም ያንኑ ያህል ከፈለ። ቀጥሎ የመጣችው ሁለት ናት። እጆቼ ወደ ክምሩ ሲሄዱ አሁንም ድረስ ይታዩኛል፤ የቀሩኝን 29,000 በሙሉ ወደ መሐል ገፋሁ። መሐል የነበረው 24,600 ስለሆነ፣ ይህ ግፊት እንዲያዋጣ ሽማግሌው ከመቶ 54 ጊዜ ካርታውን ጥሎ መሸሽ ነበረበት፤ እኔ ግን ከመቶ አሥር ጊዜ እንኳ እንደማይሸሽ ከማንም በላይ አውቅ ነበር። ንጉሥና አሥር ይዞ፣ በጥንድ ንጉሥ፣ ኮል አደረገ። ካርታችን ሲገለጥ የሚያድነኝ አንድም ካርታ አልነበረም፤ ንግሥት ብትመጣ ትሸነፋለች፣ ሰባት ብትመጣ ትሸነፋለች። ጠዋት ስምንት መውጫ ነበረኝ፤ ማታ ባዶ።

የዚያን ዘመን ስሜት ልንገራችሁ። በአውሮፓውያኑ 2003 ክሪስ መኒሜከር የተባለ አካውንታንት ዋናውን ውድድር አሸንፎ 2.5 ሚሊዮን ዶላር ሲወስድ፣ የመጨረሻ ተቃራኒውን ሳሚ ፋርሃን ንጉሥና ሰባት ብቻ ይዞ ያስፈራራበት ጨዋታ በቴሌቪዥን ታየ። በዚያ ዓመት የተወዳደሩት 839 ሰዎች ነበሩ፤ በ2006 ቁጥሩ 8,773 ደረሰ። ሁሉም ያንን ብላፍ፣ ያንን በባዶ ካርታ ማስፈራራት፣ ሊደግም ነበር የመጣው፤ እኔም አንዱ ነበርኩ። ያላስተዋልነው ነገር ግን አራተኛዋ ካርታ በወጣች ጊዜ መኒሜከር ፍላሽም (ምልክታቸው አንድ የሆነ አምስት ካርታ) ስትሬትም (አምስት ተከታታይ ካርታ) ሊሞላለት ይችል እንደነበር ነው። ባዶ እጁን የቀረው በመጨረሻዋ ካርታ ላይ ነው፤ እስከዚያ ድረስ ግን ግፊቱ ከኋላው መንገድ ነበረው። ተቃራኒው ፋርሃም ጥንድ ዘጠኝ ይዞ መጣል የሚችል ሰው ነበር። የዛሬ ወጣቶች በስልካችሁ የምታዩአቸው የአንድ ደቂቃ ቅንጭቦች ይህን ጨርሶ አያሳዩም፤ ገፊው ሲያሸንፍ ያሳያሉ፣ ያበቃል። ትዕግሥት ማጣታችሁ ያሳዝነኛል፤ እኔ ግን በእናንተ ዕድሜ ቅንጭብ ሳላይ ተመሳሳይ ጥፋት ስለ ሠራሁ በዚህ ብዙ ልወቅሳችሁ አልችልም።

ደካማ ስትሉም ሁሉም ደካማ ካርታ አንድ አይደለም። ቺፕስ በበዛበት ውድድር ሰውን የሚያስወጣው ሰባትና ሁለት አይደለም፤ እሱንማ ሁሉም ይጥለዋል። የሚያስወጣው መልኩ ያማረ መካከለኛ ካርታ ነው፦ አስና ዘጠኝ፣ ንጉሥና አሥር። አስ ሲመጣላችሁ ትደሰታላችሁ፤ ሌላው አስና ንጉሥ ይዞ ከሆነ ግን በየዙሩ እየከፈላችሁ ትሄዳላችሁ፣ ክምሩ ጥልቅ በሆነ መጠን ጉዳቱም ጥልቅ ነው። ትናንሾቹ ተከታታይ ካርታዎች ግን ወይ ግልጽ ባዶ ወይ የተደበቀ ትልቅ ነገር ስለሚሆኑ ውሳኔው ይቀላል። እነሱንም ቢሆን ከኋላ ወንበር፣ መጣል ከሚችል ሰው ጋር ብቻ ነው የምገፋው። እንዲያውም የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሰዓታት ምንም ደካማ ካርታ ሳትነኩ ሰዎቹን ብቻ ብታዩ እመርጣለሁ፤ ከላይ በመጀመሪያው ሰዓት ያደረግሁትን ትክክል ነበር ማለቴን አልረሳሁም፣ ነገር ግን እኔ ለዓመታት ሰዎችን ሳይ የኖርኩ ነበርኩ።

አሁን ወደ ጸጸቴ ልመለስ። ከውድድሩ ስወጣ ጓደኛዬ ታክሲውን በር ላይ አቁሞ ይጠብቀኝ ነበር። «እንዴት ሆነ?» አለኝ። ግማሹ ገንዘብ የእሱ ነው፤ ንግሥትና ሰባት ይዤ፣ ደጋግሜ በነገርኩት በዚያ ሽማግሌ ላይ ገፋሁ ማለት አፈርኩ። «ሁለት አስ ይዤ ተሸነፍኩ» አልኩት። ራሱን ነቀነቀና ሞተሩን አስነሣ። «አይዞህ፣ ዕድል ነው፤ አንተማ በትክክል ተጫውተሃል» አለኝ፤ በዚያ ሌሊት ሥራውን ትቶ ቁርስ አበላኝ፤ ስለ 500 ዶላሩ ከዚያ ቀን ጀምሮ አንድም ቃል አልተናገረም። በየዓመቱ ወደ አገር ሲመጣ ሶደሬ ስንሄድ፣ ለሚያገኘው ሰው ሁሉ የእኔን ሁለት አሶች ታሪክ በቁጭት ያወራል፤ እኔም አጠገቡ ተቀምጬ እሰማለሁ። በደካማ ካርታ የገፋሁት ጠረጴዛው ላይ ብቻ አልነበረም፤ ያን ጊዜ ግን የከፈለው እሱ ነው።

ልጁ ከጠየቀኝ በኋላ በሦስተኛው ቀን ለጓደኛዬ ስልክ ደወልኩለት፤ ቬጋስ ንጋት ነበር፣ ፈረቃውን ጨርሶ ቡና ላይ ተቀምጧል። ካርታዎቹ ንግሥትና ሰባት እንደነበሩ ነገርኩት። ለረጅም ጊዜ ዝም አለ። ከዚያም፣ «ማን ነው ኮል ያደረገህ?» ሲል ጠየቀኝ። ማን እንደሆነ ነገርኩት።

«እሱ እኮ ጥንድ ከያዘ አይለቅም» አለኝ። «አንተ ራስህ አይደለህ የነገርከኝ?»